የአባቴን መላጊያ ያተረፉልኝ ሰው

ይህን ጽሁፍ ከሁለት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

አባቴ አናጺ ነበር። ሲያርፍ የዕቃ ሳጥኑን ተወልን። መላጊያ፣ መጋዝ፣ አራት መሮ፣ መዶሻ። እኛም እንዳይበላሽ ብለን በላስቲክ ጠቅልለን ዕቃ ቤት ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥነው። ለካ የበላው ያው ጥንቃቄያችን ነው። መስከረም ላይ ስከፍተው ብረቱ ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ አንዱን መሮ በግራይንደር ፈጩት። ዝገቱ ሄደ፣ ስለቱም አብሮ ሄደ። ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ «አዲስ ሆነልሽ» አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ ዝገቱን ሳይነካ ከላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለቅልቆ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ 800 ብር ተቀበለኝ። በሳምንቱ ስፈታው ያው ዝገት፣ አሁን ጥቁር ሆኖ። ስማቸውን አልጠራም። ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ነው መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ የሚሠሩትን አዛውንት የጠቆመኝ።

ጋሼ ሳጥኑን ከፍተው ዝም አሉ። ስለ ዋጋ ምንም አላነሱም። መላጊያውን አንስተው የእንጨት እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አባቴ ይይዝበት የነበረው ቦታ ጠቁሯል፣ ጎድጎድም ብሏል።

«አባትሽ ግራኝ ነበሩ እንዴ?»

ክው አልኩ። አዎ፣ ግራኝ ነበር።

«እንጨቱን አልነካውም ልጄ። ይሄ የሳቸው ነው። እኔ የማየው ብረቱን ብቻ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ስሄድ ዕቃው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በምን እንደዘፈዘፉት ነግረውኛል፣ አልገባኝም። የገባኝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት፣ በእጃቸው፣ ቀስ ብለው እንዳሹት ነው። ደስ ብሎኝ ስለቱን ልነካ ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ። «ላብ ጨው አለው! ነክተሽ ካስቀመጥሽው ጣትሽ ያረፈበት ቦታ ዝጎ ታገኚዋለሽ።» የስፌት መኪና ዘይት የነካ ጨርቅም ሰጡኝ። ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ የተረፈውን ጥረጊ፣ ላስቲክ አታልብሺው፣ ከሲሚንቶ ከፍ አድርጊው፣ ክረምት ሲሆን ቶሎ ቶሎ እይው አሉኝ። «ፀጉር እንደምትቀቢ እንጂ ወጥ እንደምትሠሪ እንዳይሆን!»

ስለ ግቢያችን በርም ጠየቅኳቸው። በየዓመቱ ቀለም እንቀባዋለን፣ በየዓመቱ ይላጣል። ሳቁ። ዝገቱ ሳይፋቅና ከሥር ጸረ ዝገት ቀለም ሳይገባ ከላይ ብትቀቡ ትርፉ ድካም ነው አሉ። ይህን እስከ ዛሬ አንድ ቀለም ቀቢ እንኳ አልነገረንም!

ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ ዋጋ ከዚያ ከጋዜጣ ጠቅላዩ ብዙም አይበልጥም። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ።

ዝገት ያስመረራችሁ ሁሉ ወደ ጋሼ ሂዱ። የቤተሰብ ዕቃ ያላችሁማ ሌላ ቦታ አትድከሙ፣ እኔ ደክሜላችኋለሁ። ስማቸውና ስልካቸው ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ።

ትናንት ወንድሜ የሚገጨውን የጓዳ በር በመላጊያው ላገው። እንጨቱ እንደ ወረቀት እየተጠቀለለ ወረደ። እጀታው ግን አልተመቸውም። እሱ ቀኝ ነው።