ሶፍትዌር ያሰላልኛል ብዬ 160,000 ብር አጣሁ

ዛሬ ከሶፍትዌሩ ሻጮች ቢሮ ወጥቼ ገላን እስክደርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የነዳሁት። ተሳቢ ያላችሁ፣ ጭነት የምታሠሩ ሁሉ ይህንን አንብቡልኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። እስክትከፍሉ ድረስ በቀን ሦስቴ ይደውላሉ። "እትዬ፣ የዋጋ ሕግዎን አንዴ ማስገባት ነው፤ ከዚያ የጭነቱን ዋጋ ራሱ ያወጣልዎታል" አሉኝ። ለዓመቱ 85,000፣ ለማስጀመሪያ ደግሞ 20,000 ብር ከፈልኩ።

የፈለግኩት ሁለት ነገር ነው። ጭነቱ ከ400 ኩንታል ካነሰ የ400 ሂሳብ ይያዝ። 340 ጫነ ብሎ መኪናው ከጅቡቲ በጋላፊ የሚመጣበት መንገድ አያጥርም፤ የሹፌሩ አበልም አይቀንስም። ሌላው፣ ማራገፊያ ላይ ከ2 ቀን በላይ ከቆመ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን 8,000 ብር ይደመር።

ልጆቹ ፊቴ አስገቡት። 340 ኩንታል ብለው ጻፉ፣ የ400ው ዋጋ ወጣ። እሱን አጥፍተው የቆመበትን ቀን ጻፉ፣ የቆይታው ክፍያ ተደመረ። በጣም ደስ አለኝ። እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ አስገቡልኝ አላልኩም። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖሬ፣ ጎድሎ የመጣ ጭነት መጋዘን በር ላይም ሊቆም እንደሚችል ጠፍቶኝ ነው?

ባለፈው ወር አራት መኪኖቼ ቃሊቲ አንድ መጋዘን በር ላይ 7 ቀን ቆሙ። ሹፌሮቹ ሳምንቱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ነው ያደሩት። አራቱም ከ400 በታች ነበር የጫኑት። ደረሰኙ ሲስተሙ ባወጣው ሂሳብ ተቆረጠ፣ ደንበኛውም ከፈለ። ትናንት ማታ ሂሳብ ሠራተኛዬ ስታመሳክር የቆይታው ክፍያ የለም። በአራቱም ላይ የለም። 5 ቀን በ8,000፣ በአራት መኪና። ደንበኛው ጋ ስደውል "በቆረጣችሁት ደረሰኝ ከፍለናል፣ ሂሳቡ ተዘግቷል" አለኝ። እሱ ላይ አልፈርድም።

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ያኔ ቡና ያስመጣልኝ ልጅ ዛሬ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። ስልኩን እየነካካ አዳመጠኝ። ከዚያ ሕጎቹ ያሉበትን ገጽ ከፍቶ እስከ ታች ወረደ። ከመጀመሪያው ሕግ ሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ "ከተሟላ እዚህ ላይ ቁም" ትላለች። ራይት ተደርጎባታል። በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። ሲስተሙ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አንዱ ሕግ ከተሟላለት የቀረውን አያየውም። ጭነቱ ጎደሎ ነው ሲል እዚያው ቆመ፣ የቆይታው ሕግ ጋ አልደረሰም።

"እሺ፣ ራይቱን አንሳልኝ" አልኩት። ሣጥኗ ግራጫ ናት፤ ቢጫኗትም አትሠራም። "እሱ የሚከፈተው በትልቁ ፓኬጅ ነው" አለኝ።

"ስትሸጡልኝ ታውቁ ነበር?" አልኩት።

"እናቴ፣ እርስዎ አልጠየቁማ" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። ሲሸጡልኝ እትዬ ነበርኩ።

ገንዘቡ ያማል። የልጅቷ ሳቅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እነዚያ አራት ሹፌሮች በብርድ ያደሩበት ሰባት ሌሊት ለነሱ ምንም አይደለም።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት ጎድሎም የመጣ፣ የቆመም አንድ ጭነት አስገብታችሁ አስሉት። መልሱን በእጃችሁ ከሠራችሁት ጋር አስተያዩት። ትልቁ ፓኬጅ ምን እንደሚጨምርም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሰኞ ውሉን ይዤ ጠበቃ ጋ እሄዳለሁ። ዛሬ የገቡትን የሁለት መኪና ሂሳብ በደብተር ሠርቼ ልኬአለሁ።