ጅሬን ወይስ ሂርማታ፦ አሮጌዋን ጅማ በእግር ለማየት

ጅማን ለማየት ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ወደ ጅሬን ኮረብታ ይውጣ ወይስ በሂርማታ ገበያና በፈረንጅ አራዳ ሰፈር ይዘዋወር የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ጅሬን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። የእንጨት ሰገነቱን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ዘመን ያቆዩትን ንጉሥ አቅም ከአናጺዎቹ ሥራ ይረዳል። ነፋሻ ነው፣ ጸጥታም አለው፤ ሆኖም ያለ አስጎብኚ ብዙው ነገር ዝም ይላል።

ሂርማታ ግን ራሷ ትናገራለች። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰው ሳይቀር ይሸጥባት የነበረችው ይህች ጥንታዊ ገበያ (ይህንን መራራ ታሪክ መሸፋፈን አይገባም) ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ትደምቃለች። ገበያው ላይ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣውን ባለሦስት እግር በርጩማ ገልብጠው ቢያዩት አንድም መጋጠሚያ አያገኙበትም። ፈረንጅ አራዳ የጣሊያን ወረራ ዘመንን አሻራ ይዟል፤ ለእሱ አንድ ሰዓት ይበቃል። ዕለቱ ሐሙስ ከሆነና ዝናብ ካልጣለ እኔ ሂርማታን አስቀድማለሁ፤ ክረምት ከሆነ ግን ጭቃው አያስኬድምና ጅሬን ይሻላል።