9 ወር ከእንፋሎት ማሽን ጋር፦ የመኪና ውስጥ ለማጽዳት የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት?

ማሽኑን ስገዛ ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ባር፣ ማለትም የእንፋሎቱ ግፊት መለኪያ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 4 ባር ይላል። አጠገቡ ያለው 3 ይላል። አራት ይበልጣል ብዬ አነሳሁት። ይኸው 9 ወር ሞላው። የራሴን መኪና በየሦስት ሳምንቱ እሠራበታለሁ። የወንድሜን፣ የእህቴን፣ የጎረቤቶቼንም መኪና ሠርቼበታለሁ። አሁንም ደህና ይሠራል፤ እወደዋለሁም። ዛሬ ልግዛ ብል ግን ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ባሩ ላይ አይደለም።

የእኔ 1500 ዋት ነው። ውሃው የሚፈላበት ታንከር፣ ቦይለሩ፣ 1.5 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ሌላ ታንከር የለውም። ስሙን የማልጠራው የምለው ነገር ለዚህ ዓይነት ማሽን ሁሉ ስለሚሠራ ነው።

በደስታ ልጀምር። ማሽኑ ዋጋውን ያወጣው በኩባያ ማስቀመጫው ነው። የወንድሜ መኪና ውስጥ ስንት ጊዜ የፈሰሰ ለስላሳ ታች ደርቆ፣ ሳንቲም አጣብቆ፣ አቧራ ለብሶ እንደ ቅጥራን ሆኖ ነበር። በጨርቅ ሲፈተግ ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይነቃነቅም። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አስገብቼ ቃታውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዝ ለቀቅ አደረግሁ። ጥቁሩ ነገር ቀስ ብሎ አብረቀረቀ፣ ላላ፣ ከዚያ ወደ ጠርዙ መሸሽ ጀመረ። ሳንቲሙ ለብቻው ተነሳ። ፎጣ ከትቼ አንዴ ስጠቀልለው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ፎጣ ንጹሕ ወጣ። ምንም ሳሙና አልነካውም።

እንፋሎት የሚያሸንፈው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የአየር ማስወጫው ክንፎች መካከል፣ የወንበር ሐዲድ ውስጥ፣ የማርሹ ዙሪያ፣ የበር ኪስ ጥግ፣ የመሪው ስፌት። ጣትም ብሩሽም በማይደርስበት ሁሉ እንፋሎት ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እንፋሎት ቆሻሻ አያነሳም። ያላላል። የሚያነሳው ፎጣው ነው። ወዲያው ካልተጠረገ የላላው ቆሻሻ ተመልሶ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ከነበረበት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቀኝ እጄ ማሽኑን ሲይዝ ግራ እጄ ሁልጊዜ የማይክሮፋይበር ፎጣ ይይዛል። ለአንድ መኪና ከአሥር በላይ እጨርሳለሁ። ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ የፎጣውንም አብራችሁ አስቡ።

አሁን ወደ ባሩ ልመለስ። በ4 ባር ቦይለሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ150 ዲግሪ ትንሽ ያልፋል። በ8 ባር ደግሞ 175 ገደማ ይደርሳል። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ የጨመረው ወደ 23 ዲግሪ ብቻ ነው። እሱም ቦይለሩ ውስጥ እያለ ነው። እንፋሎቱ ከጫፉ እንደወጣ ይሰፋል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ከ100 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ባር መግፊያ ጉልበት ነው። ጥቅም አለው፤ ቆሻሻን ከስንጥቅ ያስወጣል። ግን ለብቻው ማሽኑ ጥሩ ነው አያሰኝም።

ከባሩ የሚበልጠው የእንፋሎቱ ድርቀት ነው። ደረቅ እንፋሎት ስል ውሃ ሳያንጠባጥብ የሚወጣውን ማለቴ ነው። መኪና ውስጥ ስፖንጅ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ውሃ የሚተፋ ማሽን እዚያ ቦታ የለውም። ሱቅ ውስጥ አብርተው የሚያሳዩ ከሆነ ጥቁር ደረቅ ጨርቅ ያዙና ከአንድ መዳፍ ርቀት ለሦስት ሰከንድ አስነፉበት። ጨርቁ ረጠብ ብሎ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከደረቀ ጥሩ ነው። ጠብታ ከወረደው ተዉት። ሙከራው ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ ይሁን፤ የመጀመሪያውንም ትፊት አትቁጠሩ። ቱቦው ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ ውስጡ ውሃ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ነው። እኔ ዛሬም ሥራ ስጀምር፣ ለአፍታ አቁሜም ስመለስ፣ ጫፉ ንጹሕ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ባልዲ ውስጥ እተኩሳለሁ። ይህን ሳላውቅ በፊት የእህቴ መኪና የበር ጨርቅ ላይ የውሃ ክብ አትሜበት ነበር።

በእጅ የሚያዙት ትንንሾቹስ? የጎረቤቴን ተውሼ ሞክሬያለሁ። ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ይባስ ብሎ ከወንበር ሥር ለመግባት ዘንበል ሳደርገው የፈላ ውሃ ተፋ። መኪና ውስጥ ደግሞ ያለ ማዘንበል ሥራ የለም። ለመስኮት ይሆናል፤ ለዚህ አልመክረውም።

ሁለተኛው የማየው ነገር ውሃ አሞላሉን ነው። ከልቤ የሚቆጨኝም ይሄ ነው። የእኔ ቦይለር እየሠራ አይከፈትም፤ በግፊት ውስጥ ያለ ክዳን መክፈት ፊትን ማቃጠል ነው። አንዱ ሙሌት ቢበዛ 45 ደቂቃ ያሠራኛል። አንድ ሙሉ መኪና ግን ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ሲያልቅ አጥፍቼ ግፊቱን አስወጣለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አቀዘቅዛለሁ፣ እሞላለሁ፣ እንደገና እስኪሞቅ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ግማሽ ሰዓት እጅ አጣምሮ መቀመጥ ማለት ነው። ያውም በየመኪናው ሁለት ጊዜ። ሁለት ታንከር ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ለብቻው ይቀመጣል፣ ትንሽ ፓምፕ ወደ ቦይለሩ ይገፋዋል። እየሠራችሁ ትሞላላችሁ። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ከአንድ መኪና በላይ ለምትሠሩ ግን ሳታመነቱ እሱን ግዙ።

ዋቱንም እዩት። 1500 ዋት ያለማቋረጥ በደቂቃ ከ35 እስከ 40 ግራም የሚሆን ውሃ ቢያተን ነው። ከዚያ በላይ የውሃ ጠባይ አይፈቅድም። ካርቶኑ ላይ ዋቱ 1500 ሆኖ በደቂቃ 100 ግራም የሚል ካያችሁ፣ ያ የተጠራቀመው ግፊት ሲለቀቅ ለጥቂት ሰከንድ የሚወጣው ነው። ቃታውን ይዛችሁ ስትቆዩ እንፋሎቱ ይደክማል። የእኔም ይደክማል፤ ለዚህ ነው ያዝ ለቀቅ የማደርገው።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ። ትልቁ የጣሪያው ጨርቅ ነው። የራሴ መኪና ላይ ከሹፌሩ በላይ የእጅ ቅባት ያጠቆረው ቦታ ነበር። ወንበሩ ላይ የሠራ እዚህም ይሠራል ብዬ ጫፉን አስጠግቼ ቆየሁበት። ቆሻሻው ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት መዳፍ የምታህል ቦታ ወደ ታች ተንጠልጥላ አየሁ። የጣሪያ ጨርቅ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ አለው፤ ስፖንጁ የተያዘው በሙጫ ነው። ሙጫ ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል። አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬ ስነዳ ከጭንቅላቴ በላይ አየዋለሁ። አሁን ጣሪያ ላይ እንፋሎት አላስነካም። ፎጣውን በእንፋሎት አሞቅና በፎጣው ብቻ ሳልጫን አብሳለሁ።

ወተትም አስተምሮኛል። የእህቴ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ወተት ደፍቶ ነበር። ሮጬ በእንፋሎት ደረስኩለት። ወተትና ደም ፕሮቲን አላቸው፤ ሙቀት ያበስላቸዋል፣ ከጨርቁ ጋር ያጣብቃቸዋል። ሽታው ስንት ሳምንት ቆየ! መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማጥለቅለቅና መምጠጥ ነበረብኝ። በጠቅላላው ጥልቅ የገባ የወንበር ቆሻሻ ለእንፋሎት ብቻ አትስጡት። ያንን የሚያወጣው ውሃ እየረጨ መልሶ የሚስብ ቫኪዩም ነው። እንፋሎቱ ቀድሞ ሲያላላለት ሥራው ይቀላል፤ አይተካውም።

ቆዳ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ። የአብዛኛው መኪና ቆዳ ላዩ ላይ ስስ ቀለምና ሽፋን አለው። ጫፉን በማይክሮፋይበር ጠቅልዬ፣ አንድ ቦታ ሳልቆም እሄድበታለሁ፤ ወዲያው አደርቃለሁ። የተሰነጠቀ አሮጌ ቆዳ ላይ ጨርሶ አልሞክርም። የመስኮት ማብሪያዎች ላይ በቀጥታ አልተኩስም፤ ፎጣውን አሙቄ ነው የምጠርጋቸው። ስክሪን ላይ ግን የሞቀ ፎጣም አላሳርፍ። ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ያለበትንም ቦታ በደረቅ ብሩሽና በረጠብ ጨርቅ አልፈዋለሁ። በብርድ የቀዘቀዘ መስታወት ላይ ድንገት እንፋሎት መልቀቅም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጀርም ይገድላል የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችንም አይተናል። እውነት አለው፤ ግን ለመግደል እንፋሎቱ አንድ ቦታ ላይ ቆየት ማለት አለበት። ፕላስቲክና ቆዳ ደግሞ ያንን መቆየት አይችሉትም። ለሕፃን ወንበር ስል የገዛሁት ሰው ነኝና ይሄን ቀድሜ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በፍጥነት ማለፍ ያጸዳል፤ አምክኗል ብላችሁ ግን አትመኑ።

አራተኛው ወር ላይ ጥቁሩ ዳሽቦርድ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከፎጣው መስሎኝ ነበር። ለካ ከቦይለሩ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚህም ይጋገራል፤ ከዚያ ተሰባብሮ በጫፉ ይወጣል። ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጬ አሳደርኩበት፣ ደፋሁ፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ አደርገዋለሁ፤ በየሥራው መጨረሻም የቀረውን ውሃ ደፍቼ ክዳኑን ክፍት እተዋለሁ። የተጣራ ውሃ ይሻላል እንዴ ለሚል፣ መመሪያውን ያንብብ። አንዳንድ ማሽን የውሃውን መጠን የሚያውቀው ውሃው ውስጥ ባለው ማዕድን ስለሆነ ፍጹም የተጣራ ውሃ አይስማማውም። ሽቶና ሳሙና ቦይለሩ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ስለ ዕቃዎቹ ብዙ አልልም። አብረው የመጡት የናይለን ብሩሾች በሦስት ወር ጸጉራቸው ተጣመመ፤ ትርፍ መግዛት ያስፈልጋል። የናስ ብሩሹ ፕላስቲክ ይቧጭራል፤ ከሳጥኑ አላወጣውም። የቱቦው ርዝመት 2 ሜትር ነው፤ ማሽኑን በየበሩ ማዞር ሰልችቶኛል፤ 3 ሜትር ቢሆን ይሻላል። ኤክስቴንሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ወፍራም ይሁን፣ ጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሲግል በእጄ ነክቼ አውቄዋለሁ።

ከሥራ በኋላ አራቱንም በር ከፍቼ አናፍሳለሁ። ጊዜ ከሌለኝ ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን ከውጭ አየር ጋር ለሃያ ደቂቃ እለቃለሁ፤ ኤሲ እርጥበት ይስባል። ቀበቶውን ሳይደርቅ አልለቀውም፤ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በሁለተኛው ቀን ይሸታል።

ሰባተኛው ወር ላይ መያዣው ጋ እንፋሎት እያፈሰ ጣቴን ይለበልበኝ ጀመር። ያለቀው ጫፉ የሚገጠምበት ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። ቀይሬው ሠራ። አሁን ሁለት ትርፍ ቀለበት ከፎጣዎቹ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለሁለት ታንከሩ ማሽን ደግሞ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው፤ ይሄኛውን ወንድሜ ከአሁኑ ጠይቆኛል።