«በእጅ የተሰራ» ጋርደን ልደት ብላችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ለልጁ ልደት ዲኮር የሚፈልግ ሰው ካለ ይህን አንብቦ ቀብድ ይላክ። በቲክቶክና በቴሌግራም «ጋርደን ልደት፣ ሁሉም በእጅ የተሰራ» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። እኔ በዚህ ስም የከፈልኩት የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። የመጣልኝ ግን ስንት ልደት ዞሮ የደከመ የኪራይ ፕላስቲክ ነው።

የዲኮረሯን ስም አልጽፍም። ስም በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ቻናልም እንደዚያው። አሠራሩ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚገለበጥ እሱን ብታውቁት ይሻላል።

ልጄ አምስት ዓመት ሞላት። ድግሱ እናቴ ግቢ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ግቢ ያለው ሰው እየጠፋ ነው። ጽጌረዳ አለ፣ ኮባ አለ፣ አጥሩ ሥር ጤና አዳም አለ። የጎደለው የልጅ ነገር ብቻ ነበር፦ ትልልቅ የወረቀት አበቦች፣ ቢራቢሮዎች፣ ስሟ የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ የሸክላ ማሰሮዎች። በ28,000 ብር ተስማማን። 80 የክሬፕ (የሚለጠጥ ሸብሻባ ወረቀት) አበባ፣ ሁሉም በእጅ የተሰራ፣ ከልደቱ በኋላም ለእኛ የሚቀር። «ውዴ፣ አንቺ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን ለእኛ ተይው። አበቦቹን በኋላ ክፍሏ ውስጥ ትሰቅይላታለሽ» አለችኝ ዲኮረሯ በቮይስ። የዋጋው ግማሽ በቀብድ ሄደ።

በዕለቱ መኪናው መጣ። ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች ቀሪው ብር ካልገባ አንድ ሳጥን አናወርድም አሉ። ታዘው ነው የመጡት፤ በእነሱ አይፈረድም። እንግዳ ሊገባ ነው፣ ኬኩ ደርሷል፣ ልጅቷ ቀሚሷን ለብሳ ትዘላለች። በዚህ ሰዓት ማን ይከራከራል? ነገሩ የተቀመረው ለዚህች ሰዓት ነው። ብሩ ገባ፣ ሳጥኑ ተከፈተ።

አበባው አርቲፊሻል ነው። ግንዱን ሳብ ስታደርጉት አበባው ተላቆ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በመሃል በመሃል ጥቂት የወረቀት አበቦች ነበሩ፤ ጫፋቸው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። የስም ሰሌዳው ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ብዬ ወደ ብርሃን ዘወር ሳደርገው ግን ከነጩ ቀለም ሥር የሌላ ልጅ ስም ይነበባል። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ፤ እናቷም እንደኔ ለአዲስ ሰሌዳ ከፍላ ይሆናል።

ሳሩን ግን ሳልናገር አላልፍም። በለመለመው በእናቴ ሳር ላይ የፕላስቲክ ሳር አነጠፉበት። እናቴ ብቅ ብላ «ምነው ልጆቼ፣ ሳሩ ምን ሆነና ነው የምታለብሱት?» አለቻቸው። አንዱ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ማታ ሊሰበስቡ መጡ። የገዛሁት ነው ብላቸው «እህት፣ እኛ ሁሌም እንሰበስባለን፤ ነገ ጠዋት ሌላ ቦታ አለ» አሉ። በዚያ ላይ ሁለት ማሰሮ ተሰንጥቋል ተብሎ የጉዳት ብር ተጠየቀ። ለሴትየዋ ብደውል አታነሳም። ጻፍኩላት፤ ብሎክ።

አሁን ወደ አሠራሩ። የመጀመሪያው ወጥመድ ፎቶው ነው። ቻናሉ ላይ ያሉት ሥዕሎች ግማሾቹ የሰው ሥራ ናቸው። እኔ በኋላ ጉግል ሌንስ (ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የት እንዳለ የሚፈልግ መተግበሪያ) ውስጥ ሳስገባቸው ፒንተረስት በሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ገጽ ላይ ተገኙ፤ በሌላ አገር ግቢ፣ በሌላ ሰው ልደት። ይህንን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶውን ሴቭ አድርጉና ፈልጉት። የራሷ ሥራ ከሆነ ደግሞ አበባው ገና ሲቆረጥና ሲጣበቅ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ላኪልኝ በሏት። በእውነት የምትሠራ ሴት ጠረጴዛዋ ላይ መቀስና የወረቀት ቁርጥራጭ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ትልቅ የክሬፕ አበባ ቅጠል በቅጠል ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቅጠል በአውራ ጣት ተለጥጦ ቅርጽ ይዞ፣ ግንዱ ላይ ሽቦ ተጠቅልሎበት እስኪያልቅ ለለመደ እጅም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ የሚገርም አይደለም። 80 አበባ 40 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ የአንድ ሰው የሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አራት አምስት ልደት የምትቀበል፣ «ለነገም ይደርሳል ማሬ» የምትል ዲኮረር ብቻዋን በእጇ እየሠራች አይደለም። ወይ ብዙ ሠራተኛ አላት፣ ወይ መጋዘን አላት። መጋዘን ያላት አከራይ ናት።

ኪራይ ነውር አይደለም። እኔ ራሴ ወንበርና ድንኳን ተከራይቻለሁ። ችግሩ የኪራይ ዕቃ በሽያጭ ዋጋ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ልደቱ ሲያልቅ ዕቃው የማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቮይስ አይሆንም። የትኛው ይሸጣል፣ የትኛው ይከራያል፣ ትራንስፖርትና መግጠሚያ ስንት ነው፣ ቢሰበር ስንት ነው፤ ለየብቻው ይጻፍ። ጥቅል ዋጋ የሚወዱት ውስጡ እንዳይታይ ነው።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ነገር ደግሞ ለምደነው እንጂ ትክክል አይደለም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያስገድዳል። በኢንቦክስ የሚነገር ዋጋ የፕሮፋይል ፎቶ አይቶ የሚወጣ ዋጋ ነው። እኔ ከስምምነቱ በኋላ የአክስቴን ልጅ በሌላ አካውንት ያንኑ ፓኬጅ አስጠይቄ ነበር። እሷ 19,000 ተባለች።

ስለ ቀብድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ዲኮረር «ቀብድ አይመለስም» ብሎ ይጽፋል። እኛም ሕጉ እንደዚያ ይመስለናል፤ ግን ይህ የሕጉ ግማሽ ብቻ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። በሌላ ስምምነት ካልተለወጠ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል፤ አንቀጽ 1885 ነው። ስለዚህ 14,000 ተቀብላ ሦስት ቀን ሲቀረው «ሌላ ፕሮግራም ተደርቦብኛል፣ ይቅርታ» የምትል ሰው የእናንተን ብር ብቻ መልሳ እጇን አታራግፍም። 28,000 ነው የሚጠበቅባት። ይህን በትህትና ጽፋችሁ ብትልኩላት ተደርቦ የነበረው ፕሮግራም ሊነሳ ይችላል።

የኔ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እሷ ውሉን አልተወችም፤ መጥታ ሌላ ነገር አደረሰች። ይህ ውልን እንደ ውሉ አለመፈጸም ነው፤ ክርክሩም ምን ተስማምተን ነበር የሚለው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ጽሑፉ የሚያስፈልገው። ብር በባንክ ስትልኩ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶ አትተዉት። «80 በእጅ የተሰራ የወረቀት አበባ ለመግዛት፣ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። ተቀባዩ ስምም የንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። እኔ የላክሁበት አካውንት የሴትየዋም የድርጅቱም ስም አልነበረም። አድራሻና ፈቃድ የሌለውን ሰው ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ብትከሱትም «የት ነው ያለው?» ስትባሉ መልስ የላችሁም።

ቀሪው ክፍያ ዕቃው ወርዶ፣ ታይቶ፣ ተቆጥሮ ነው የሚከፈለው። ይህ ከቀብዱ በፊት ይጻፍ። እምቢ ካለች ተዉአት፤ ከተማው ውስጥ ዲኮረር አልጠፋም።

ሲወርድ ምን ታያላችሁ? በፋብሪካ የተሠራ አበባ ሁሉም መንታ ነው። ቅጠሉ፣ ጠርዙ፣ ቀለሙ አንድ ነው፤ የፕላስቲክ ግንዱ ላይም ቁመቱን ተከትሎ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። በእጅ የተሰራው ይለያያል። አንዱ ሰፋ ይላል፣ አንዱ ያዘነብላል፣ ከሥሩ ሙጫ ይታያል። እውነተኛ ክሬፕ በአንድ በኩል ስትስቡት ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል እምቢ ይላል። ሽቦው ጫፍ መታጠፉን ወይም በቴፕ መሸፈኑንም እዩ፤ ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ነው። ፊኛ ካለበት በምን ጋዝ እንደተሞላ ጠይቁ። ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ ነው፣ ኬኩ ላይ ደግሞ ሻማ አለ።

ደህና ባለሙያ የለም እያልኩ አይደለም። ለቀጣዩ ዝግጅት ያናገርኳት አንዲት ሴት ገና ሳልጨርስ «ሁለት ሳምንት ካልሰጠሽኝ አልችልም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላም ወሩን ጠየቀች፤ በበልግና በክረምት ከሆነ ደጅ አልሰቅልም አለች። ልክ ናት። ክሬፕ ውኃ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ከወረደ አይለቅም። በእጅ የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ያስጨንቀዋል። ፕላስቲክ የሚያከራየው ስለ ዝናብ ምን አስጨነቀው?

ብሩ የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት። ወረቀቱና ሽቦው ውድ አይደለም፤ የሚበላው ሰዓት ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶች ልጆች ሥለው የሚያዞሩትን አበባ አስቡት፤ ማንም ዲኮረር አላስተማራቸውም። ቢጫ ወረቀት ካለ አደይ አበባ ይወጣል፣ የአክስት መሶብ የኬክ ማስቀመጫ ይሆናል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ወለሉን ይሸፍናል። የጎረቤት ልጆችን ብትጠሩ ከዋናው ቀን ይልቅ የማዘጋጃውን ቀን ይወዱታል። ሃያ ጥሩ አበባ በር ላይና ኬኩ ጀርባ ከተሰቀለ ይበቃል፤ ፎቶው የሚነሳው እዚያ ነው።

አስቀድማችሁ ቀብድ ከፍላችሁ ይህን እያነበባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። እኔ ቅሬታዬን በጻፍኩ ማግስት «ከልደቱ በኋላ የእናንተ ነው» የሚለውን ጨምሮ ፎቶውም ቮይሱም ከስልኬ ጠፍቷል። የተረፈኝ ለባለቤቴ ያሳየሁት አንድ ስክሪንሾትና የባንክ ደረሰኙ ነው፤ ወረዳውም የተቀበለኝ በእነዚህ ነው። ስለዚህ የተስማማችሁበትን ሁሉ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ቮይሱንም ዳውንሎድ አድርጋችሁ ለሌላ ሰው ላኩት። ከዚያ በኋላ «አበቦቹ ይሸጣሉ ወይስ ይከራያሉ?» ብላችሁ ጻፉላት።