ለውርጭ ማንቂያ የትኛው ቦርድ? ራስፕቤሪ ፓይ ወይስ ኢኤስፒ32

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ባቄላውን ውርጭ ይመታዋል። ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሲደርስ መልእክት የሚልክ መሣሪያ በሁለቱም ቦርዶች ይሠራል።

ራስፕቤሪ ፓይ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ ስለሚያሄድ ኮዱን በፓይተን ቋንቋ መጻፉም ሆነ ግራፍ ማውጣቱ ቀላል ነው። ግን መብራት ድንገት ሲጠፋ የኤስዲ ካርዱ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ከዚያ አይነሳም። ለማሳ አይሆንም።

ኢኤስፒ32 ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር ማለትም የተጫነለትን ኮድ ብቻ የሚያሄድ አነስተኛ ቦርድ ነው፤ ጥልቅ እንቅልፍ (deep sleep) ላይ ሲሆን ቺፑ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው። ቦርዱ ላይ ያለችው የኃይል ጠቋሚ መብራት ግን ከዚያ እጅግ ትበላለችና ንቀሏት። ሙቀት የሚለካው የዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር ዳታ ገመድና 3.3 ቮልቱ መሃል 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ይግባ። በተለመደው የአርዱይኖ ላይብረሪ (ሴንሰሩን የሚያነበው ዝግጁ ኮድ) −127 ካነበበ ገመዱ ተላቋል ማለት ነው፤ ኮዱ ካልዘለለው ሰውን በከንቱ ይቀሰቅሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲም ካርድ ይዞ መልእክቱን በሚልከው ሲም800ኤል ሞጁል ላይ ነው፦ ሲልክ እስከ 2 አምፔር ስለሚስብ ከቦርዱ 3.3 ቮልት ፒን ከተቀጠለ እየጠፋ ይነሳል። በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪው ይቀጠል፣ አጠገቡም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይኑር።

መልእክቱ በኤስኤምኤስ ይሁን፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ቴሌግራም አይከፍትም። ሴንሰሩን ደግሞ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በሰብሉ ቁመት ስቀሉት፤ ቅዝቃዜው መሬት ላይ ይብሳል።