ሳቢያን ያለው ፀጉር ቤት፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ያለውን ይህን ትንሽ ፀጉር ቤት እንደኔ ላሉ እናቶች ሁሉ እመክራለሁ። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን ጭንቅላቱ ላይ ከማሳረፉ በፊት ልጄን በእጁ ያስይዘዋል፣ ድምፁን ያስለምደዋል፣ ቀጥሎ የሚነካውንም ቦታ ይነግረዋል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። አንድ ሕፃን ሲሮጥ የልጄን የባቢሌ ኦቾሎኒ ደፋበት። ልጄ «ጋሼ፣ አጥፍቷል፣ ይቀጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው አልተቆጣውም። «መደፋቱ እውነት ነው። እሱ ግን ወደ በሩ እያየ ስለነበር ኦቾሎኒህን አላየውም» ብሎ ሕፃኑ የሮጠበትን አሳየው።

ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም። ባሮን-ኮኸን፣ ሌስሊና ፍሪዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት አሻንጉሊት ብይዋን አስቀምጣ ስትወጣ ሌላዋ ቦታውን ስትቀይርባት ለልጆች ታየ፤ ከ20 ኦቲስቲክ ልጆች 16ቱ አሻንጉሊቷ ስትመለስ ብይዋን የምትፈልገው ራሷ ካስቀመጠችበት ሳይሆን በሌለችበት ከተዛወረበት ቦታ ነው ብለው አመለከቱ። ሌላው ሰው የማያውቀውን ነገር መገመት ከብዷቸው ነው። ብሌር የተባለ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ግን፣ እንዲህ ያለውን ፈተና የወደቁት ኦቲስቲክ ልጆችም ጭምር ሰውን መጉዳትን ከተራ ደንብ መጣስ ይለያሉ። የኔው ልጅ፣ ሌላ ልጅ ሲያለቅስ ጩኸቱ እያስጨነቀው እንኳ የራሱን ውሃ ያቀብላል። «ስሜት የለውም» ሲሉብኝ በጣም ያመኛል።

ዋጋው ከሌላው አይበልጥም። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ስትጠይቁ ግን ይቀንሱላችኋል። ቅዳሜ ወረፋ ስላለ በሥራ ቀን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ሂዱ።