ስትስቂ ሽንት ካመለጠሽ ምን ትግዢ? ሞዴስ፣ የሽንት ፓድ ወይስ የሚታጠብ ፓንት

ገመድ ስትዘዪ፣ ስታስነጥሺ ወይም ከልብሽ ስትስቂ ጠብ የምትል ሽንት የአሮጊቶች ብቻ አይደለችም። ከወሊድ በኋላ ትመጣለች። ወልደው የማያውቁ፣ ዝላይ የሚያበዙ ስፖርተኞችም ያውቋታል። ግን እናፍራለን፤ ፋርማሲ ገብተን የለመድነውን ሞዴስ ይዘን እንወጣለን።

ሞዴስ በየሱቁ አለ፣ ስትገዢውም ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ከዚህ ያለፈ ጥቅም የለውም። የተሠራው ለወር አበባ ነው። ደም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሽንት ግን ቀጭን ነው፣ ባንዴ ይለቀቃል። ላዩ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። የሽንት ፓድ ግን ፈሳሹን ይዞ ወደ ጄል የሚቀይር ዱቄት አለው። ካላመንሽ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ፤ በየላያቸው ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ባንዴ አፍስሺ፤ ትንሽ ቆይተሽ በሶፍት ተጫኚያቸው። ሶፍቱ ይነግርሻል። ስትገዢ ቀጭኑን ጠይቂ። ለጠብታ ብሎ የአዋቂ ዳይፐር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚታጠብ ፓንት፣ መሃሉ ላይ የሚመጥ ጨርቅ የተደረበበት ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ዋጋው ያስደነግጣል። በየቀኑ ለሚያመልጣት ግን እያደር ያዋጣል። ቢያንስ ሦስት ያስፈልግሻል፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ገመድ ላይ ይሰጣል። ስታጥቢው የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪበት፣ መምጠጡን ይቀንሰዋል። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሪ ከሆነ ወይም ክረምት ከሆነ ግን ፓድ ይሻልሻል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ከቸኮሌት ይልቅ ፓንቱን እዘዢ።

ፔሳሪ የሚባል በብልት ውስጥ የሚቀመጥ የሲሊኮን ቀለበትም አለ። የሽንት ቧንቧውን ደግፎ ይይዛል። ስፖርት ስትሠሪ ብቻ ለሚያመልጥሽ ጥሩ ነው፤ ልኩን ግን ባለሙያ ይወስን።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሽንትሽ ሳትስዪም ሳትዘዪም ሁሌ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከረጅም ምጥ በኋላ፣ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፓድ አይደለም የሚያስፈልግሽ። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል። ካቃጠለሽ ወይም ደም ካየሽም ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ውሃ መጠጣት መተውም መፍትሔ አይደለም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል።

ከሁሉም የማስቀድመው ግን ሱቅ የማይሸጠውን ነው። ፈስ እንደምትይዢ አድርገሽ ጡንቻውን ወደ ላይ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ መቀመጫሽንም አትጨብጪ። ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ለሦስት ወር። ታክሲ ውስጥም ብትሠሪው ማንም አያውቅም። ሳል ሲመጣብሽ ደግሞ ቀድመሽ ጨበጥ አድርጊው። ኦንላይን የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ራስሽ መጨበጥ ከቻልሽ ምንም አይጨምርልሽም። ሦስት ወር ሠርተሽ ካልተለወጠ የማህፀን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጡንቻውን በትክክል እየሳብሽ መሆኑን ይይልሽ።